ቻይናው የተሸከመው ድንጋይ

ይህን ለሚስቴም ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። በመስጊድ ደጃፍ ስለ ቻይናው ድንጋይ ሲወራ እኔም ከሰው ጋር ራሴን ነቅንቄያለሁ። ዛሬ ግን አንባቢዬ፣ አንተ ሽማግሌ ሁነኝና ስማኝ።

መጀመሪያ ኩራቴን ልናገር፤ ጥፋቴ የተወለደው ከእሱ ነውና። ቻይናዎቹ መንገዳችንን ሊሠሩ ሲመጡ ከከሚሴ ልጆች ቀድሜ ዶዘር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ ሊ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። እጄን በእጁ ይዞ ማርሹን አስለመደኝ። እኔ ቻይንኛውን፣ እሱ አማርኛውን እየቆራረስን ተግባባን። በሬዲዮ ስለ ሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት ይወራ ነበር፤ መንገዱ በሚሠራበት ጨፋ ሜዳ ላይ ግን ወዳጅነት ማለት እኔና ሊ ነበርን። መንገዱ ዛሬም አለ። ባጃጁም አይሱዙውም ሲሮጥበት ሳይ ደረቴ ይነፋል፤ ይህን አልክድም።

አንድ ጁምዓ ሰው ሁሉ መስጊድ ሄደ። እኔ ማሽኑን እጠብቃለሁ ብዬ ቀረሁ። ሊ ወደ ካምፕ ሲሄድ "እስክመለስ እንዳትነካው" አለኝ። ነካሁት። በገበያ ቀን ብቻዬን ስነዳ አገር እንዲያየኝ ፈልጌ፣ በስውር ልለማመድ አስነሳሁት። ወደፊት ሄደልኝ። ወደኋላ ስመልሰው ግን ዞሬ አላየሁም። ከመንገዱ ዳር ያለውን የመቃብር ቦታ አጥር ጥሼ ገባሁ። አገሩ የሚያከብራቸውን የሼህ ሰይድን ሚስት፣ ሁላችንም እናታችን የምንላትን የሐዋን መቃብር ደፈጠጥኩት። ገና ዓመት ያልሞላው አፈር ነበር።

ሰዎች ከስግደት ሲወጡ እኔ ወርጄ ከመሃላቸው ተቀላቅያለሁ፤ ሊ ግን ተመልሶ ማሽኑ አጠገብ ደርቆ ቆሟል። ማንን ይጠርጥሩ? ወጣቶቹ ካምፑን እናቃጥል ብለው ዱላ አነሱ። ሽማግሌዎች መሃል ገብተው፣ እንደ ባህላችን ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። አስተርጓሚ ሆኜ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

እኔ ምን አልኩ? ለሽማግሌዎቹ "ሳያውቅ ነው፣ ሊ ነው የነዳው" አልኩ። ለሊ ደግሞ "በእኛ አገር ለተማሪ ጥፋት ድንጋይ የሚሸከመው አስተማሪው ነው" አልኩት። እንዲህ ያለ ባህል የለንም። ከአባቶቼ ወግ ላይ የራሴን ውሸት ቀጠልኩበት። ሊ "እውነቱ ከታወቀ ከሥራ ያባርሩሃል?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ድንጋዩን ራሱ መረጠ።

ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ እስከ ሼህ ሰይድ ደጅ ሄደ። እኔ ቀጥ ብዬ ከጎኑ ሄድኩ። ሼህ ሰይድ እያለቀሱ ተነስተው በእጃቸው አወረዱለት።

"አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ! አገርህን ትተህ መጥተህ ለእኔዋ ሐዋ አንገትህን ደፍተሃልና፣ ከዛሬ ወዲህ ኢልማ ኮ ነህ፤ ልጄ ነህ!"

ያን ቀን በወገኖቼ ኮራሁ። ሚስቱን ቀብሮ፣ መቃብሯ ተደፍጥጦ፣ ለባዕድ ልጄ ነህ የሚል ሰው የት ይገኛል? ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተም አስታረቅኸን፣ አላህ ያክብርህ" አሉኝ። አሚን አልኩ። ከጥፋቴ ሁሉ ዛሬ ድረስ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ያ አሚን ነው።

ሊ ወደ አገሩ እስኪመለስ ነገሩን አንስቶብኝ አያውቅም። ዶዘሩን እኔ ተረከብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ልጅ አስተማርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደ፤ ተማሪ ባጠፋብኝ ቁጥር ሊ ትዝ ይለኛልና።

ባለፈው ሰሞን ቆረጥኩ። ያንኑ ድንጋይ ተሸክሜ ሼህ ሰይድ ፊት ልቆም ፍለጋ ወጣሁ። አርጅተዋል፣ ግን አሉ። ድንጋዩን ከግቢያቸው አጣሁት። ልጃቸውን ብጠይቀው መቃብሩ ድረስ ወሰደኝ። ለካ ያኔውኑ በሐዋ ራስጌ ተክለውታል። እሱን ላነሳ መቃብሯን ሁለተኛ ላፈርስ ነው?

ልጅ ነበርኩ አልልም። እንጀራዬ ነው ብዬም አላመካኝም። ኩራቴ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ የምሸከመው ሌላ ድንጋይ ሊ ከተሸከመው አያንስም። የፊታችን ጁምዓ፣ ሰው ሁሉ ከስግደት ሲወጣ፣ በዚያው በሠራነው መንገድ ተሸክሜው ሼህ ሰይድ ደጅ እሄዳለሁ።