ሽማግሌው ያፈሰሱልኝ የሞተር አንገት

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከደብረ ታቦር የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ጭኜ ወደ ስማዳ እየሄድሁ ነበር። በንጉሡ ዘመን ያ መንገድ የበጋ መንገድ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። አጠገቤ የተቀመጡት የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ነበሩ። ሕዝቡ ቆርቆሮው ይመጣል ብሎ የድሮውን የሣር ክዳን ቀድሞ አፍርሶት ኖሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አናቱ ተገልጦ፣ ታቦቱም በዳስ ውስጥ ነበር። ቄሱ መንገዱን ሙሉ ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ እኔን ዞር ብለው አላዩኝም።

የኤስቴን ከተማ መካነ ኢየሱስን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ከሞተሩ እንፋሎት ቡልቅ አለና መስተዋቱን ሸፈነው። ወርጄ ከፈትሁት። ከሞተሩ ወጥታ የራዲያተሩ ጎማ የሚገባባት አጭር የአሉሚኒየም አንገት ከሥሯ ለሁለት ተሰብራለች። በሳሙናና በጨርቅ ጠቀጠቅኋት፤ በጎማ ቁራጭ ጠቅልዬ በሽቦ አሠርኋት። ውሃው ግን መቶ እርምጃ እንኳ ሳንሄድ ተንዠቀዠቀ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ ቄሱ።

«ዕቃው የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፣ አባ። ተልኮ እስኪመጣ ወር ይሆናል።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናውን በፍሬን እየያዝሁ ቁልቁል ወደ ከተማው መለስሁት።

ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ በላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እሳቸው ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፤ መስቀልም ያፈስሳሉ። እሳቸው ያፈሰሱትን መስቀል ሰው በየደብሩ ይሳለማል። እሳቸውን ግን ሰው «ጠይብ» ብሎ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር፤ ከቤታቸው እህል የሚቀምስ አልነበረም። ባለቤታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ስባሪውን በጨርቅ ቋጥሬ ሄድሁ።

ሽማግሌው ስባሪዎቹን ተቀብለው ብዙ አገላበጡ። በጥፍራቸው ጎኗን ተከትለው ወርደው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ላይ ቀጭን መስመር አለ። በሞረድ የተሠራ አይደለም። ምንድን ነው?»

«ቅርጹ ሁለት ሆኖ የተገናኘበት ነው።»

«እነዚህ ክብ ክብ ምልክቶችስ?»

ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ሾፌር ከመሆኔ በፊት አስመራ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ በሚፈስበት አንድ ወርክሾፕ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚያ ሥራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መሬት ላይ በእንጨት እየሣልሁ አስረዳኋቸው። ቅርጹ ከጠንካራ ብረት የተቆፈረ ሁለት ግማሽ ነው፤ ማሽኑ ሁለቱን ግጥም አድርጎ ይዘጋቸዋል። የቀለጠው አሉሚኒየም ከጎን ይገባና አንድ ዘንግ በኃይል ይገፋዋል፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ቅርጹን ይሞላል። ሲረጋ ግማሾቹ ይለያያሉ፤ ትንንሽ ሹል ዘንጎች ከኋላ ገፍተው ዕቃውን ያወጡታል። ክብ ምልክቶቹ የእነሱ ናቸው። ከዚያ ቅርጹ ተመልሶ ይዘጋል። የመኪና ፓምፕ ክዳን፣ የበር እጀታ፣ ይህችም አንገት እንዲህ ነው የሚሠሩት።

«ቅርጹ አይሰበርም?» አሉ ሽማግሌው።

«አይሰበርም። ሺህ ጊዜ ያንኑ ይሠራል።»

እሳቸው ለእያንዳንዱ መስቀል አዲስ የጭቃ ቅርጽ ሠርተው፣ መስቀሉን ለማውጣት የሚሰብሩ ሰው ናቸው። ስባሪዋን አስቀመጡና፣ «ታዲያ ሠሪው በዚያ ሁሉ መካከል ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ያየዋል» አልሁ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሳቁ። «ለእኔም እንዲህ ያለ አምጣልኝ፣ ልጄ፤ እኔም ተቀምጬ ልየው!»

ከዚህ በኋላ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው በሰምና በጭቃ ላድርገው አሉ። እኔ ደግሞ አስመራ የሠራሁ ሰው ነኝና፣ «በብረት ቅርጽ ይሁን፤ የሚያዋጣው እሱ ነው» ብዬ ሙጭጭ አልሁ። እምቢ አላሉኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ወፍራም ብረት ቀጠቀጡልኝ፤ እኔም በሞረድ አስተካክዬ ሁለቱን ግማሽ በሽቦ አሠርሁ። ለማቅለጫ የሚሆን አሉሚኒየም ስንፈልግ ከገበያው አንድ እስላም ነጋዴ ቂጡ የተበሳ ድስት ሰጡን፤ «ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ምን አለበት፣ ውሰዱት» ብለው።

ድስቱ ቀለጠ። ሽማግሌው ቀዱ፤ እኔ በማሽኑ ፈንታ ልጫነው ብዬ ዘንግ ይዤ ቆሜ ነበር። የብረቱ ቅርጽ ቀዝቃዛ ስለነበረ አሉሚኒየሙ ገና አፉ ላይ ረጋ። ስጫነው ጠብታ ተፈናጥሮ እጄን ለበለበኝ። ስንከፍተው ግማሽ አንገት ብቻ ነው ያገኘነው፤ ጠርዙም ውሻ የጎረደው ቂጣ ይመስላል። ኃይሉ የማሽኑ እንጂ የእኔ ክንድ አልነበረም።

ሽማግሌው አልሳቁብኝም። ባለቤታቸው እጄን በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው ማር ቀቡልኝ፤ ቀጥለውም ሽሮና እንጀራ አቀረቡ። በላሁ። ሁለቱም ስበላ ያዩኝ ነበር። ስጨርስ ባለቤታቸው፣ ልጄ ያሉኝ እናትየዋ፣ «ጨምሩልኝ በል እንጂ፣ ምነው አፈርህ?» አሉኝና ሌላ እንጀራ ዘረጉልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬ እዚያው ሆነ።

«እንግዲህ በእኔ መንገድ» አሉ ሽማግሌው በማግሥቱ። «ሰም ግን የለኝም።»

ቄሱ በከተማው አንድ ደብር አርፈው ነበር። ነገሩን ነገርኋቸው። ለጧፍ የተቀመጠ ሰም እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰሙን የሚጠብቁት የደብሩ ገበዝ ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ።

«የቤተ ክርስቲያን ሰም ለጠይብ ይሰጣል እንዴ?»

ቄሱ ረጋ ብለው መለሱ። «መስቀሉን ከእጃቸው ስንቀበል አልጠየቅንም። ሰሙ ለእግዚአብሔር ቤት የመጣ ነው፤ ለቤቱም ይውላል። እኔ በእጥፍ እመልሳለሁ።» ከዚያም ሰሙን በእጃቸው ይዘው ከእኔ ጋር ወረዱ። ከቀጥቃጩ ደጅ ሲደርሱ፣ «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ?» አሉ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ። በዚያ አገር ቄስ ቀጥቃጭን «አንቱ» ሲል ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ እሳቸውም የሰሙ አልመሰለኝም።

ሥራው የሁለቱ ባልና ሚስት ሆነ። እናትየዋ ጭቃውን ከፈረስ ፋንድያ ጋር እንደ ሊጥ አሹት። ሽማግሌው የአንገቷን ውስጥ የሚሞላ ጭቃ ሠርተው፣ በላዩ ላይ ሰሙን በስባሪዋ ልክ አለበሱት፤ ሰሙ ሲወጣ የውስጡ ጭቃ እንዳይንሸራተት በምስማር ወጉት፤ ከዚያ በውጭ ሌላ ጭቃ ደረቡበት። ጥላ ውስጥ አራት ቀን ደረቀ። በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ዘነበ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቄሱ ከደጅ ቆመው ወደ ስማዳ ሲያዩ አገኘኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቅርጹ እሳት ላይ ወጣ። ሰሙ ቀልጦ ወረደ፤ ጭቃው ፍም መሰለ። ሽማግሌው ያ ትኩሳት ሳይበርድ ቅርጹን መሬት ቀብረው ቀዱበት። አሉሚኒየሙ እንደ ወተት ጸጥ ብሎ ገባ። እኔ የጎደለኝ ይህ ነበር፤ ቅርጹ ራሱ ከጋለ አሉሚኒየሙ ሳይቸኩል ጥጋጥጉን ሁሉ ይደርሳል፤ የሚገፋው ኃይል አያስፈልገውም።

ሲበርድ ሰበሩት። አንገቷ ሙሉ ሆና ወጣች፤ ወፈር ያለች፣ ሻካራ፣ ግን ሙሉ። ሽማግሌው በትንፋሻቸው አቧራዋን አራግፈው ለባለቤታቸው አቀበሏቸው። «ወንድ ናት ሴት?» ብለው ቀለዱ እናትየዋ፣ እንደ አዋላጅ ከፍ አድርገው። ቄሱ እንኳ ሳቁ።

የቡሎኑን ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያዬ በሳሁ፤ ፊቷን ድንጋይ ላይ አሸት አሸት አድርጌ አስተካከልሁ። ገጠምሁ፤ ውሃ ሞላሁ፤ ሞተሩን አስነሣሁ። አልፈሰሰም። ቄሱ፣ «እሳቸውም ይምጡ፤ መንገድ ላይ ቢበላሽስ?» አሉ። ሰበብ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። ሽማግሌውን ከጋቢና፣ በእኔና በቄሱ መካከል አስቀመጥናቸው፤ እናትየዋ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጠው እልል እያሉ ሄዱ።

በየዳገቱ ሽማግሌው፣ «አቁም፣ ልያት» ይሉኛል። እቆማለሁ፤ ይወርዳሉ፤ መዳፋቸውን ያስጠጋሉ፤ «አለች» ብለው ይመለሳሉ። እንዲህ እያልን ስምንት ጊዜ ሳንቆም አልቀረንም። ደብሩ ስንደርስ ሕዝቡ ቆርቆሮውን በትከሻው ተሻምቶ አወረደ። ምስማር መምታት የሚችለው ሁሉ ሌት ተቀን ሠርቶ ክረምቱ ሳይጠና ጣራው ተከደነ። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ከቅጥሩ ውጭ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ። ምሳ የሚያቀርብላቸው ማን ይሆን ብዬ ስሠጋ ቄሱ ራሳቸው ሞሰብ ይዘው መጡና አብረዋቸው ተቀመጡ። አንዳንዱ አጉረመረመ። አንዳንዱ ግን እኔ ዓይኔ እያየ መጥቶ ቆረሰ።

ከክረምት በኋላ ከአዲስ አበባ ያዘዝኋት አዲሲቱ፣ ያ መስመርና ክብ ክብ ምልክት ያለባት አንገት መጣችልኝ። በሣጥን ውስጥ አስቀመጥኋት እንጂ አልገጠምኋትም። የሽማግሌውን ሁለት ዓመት ነዳሁባት፤ አንድ ቀንም አላንጠባጠበችም። መኪናውን የሸጥሁ ጊዜ በኤስቴ በኩል ሳልፍ ነገርኋቸው። መዶሻቸውን አስቀምጠው፣

«ለማን ሸጥኸው?» አሉኝ።

«ለአንድ የጋይንት ሰው።»

«ደግ ሰው ነው?»

«ደግ ይመስለኛል።»

«ውሃዋን ጠዋት ጠዋት ይይላት በለው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።