ያልተቆጠረው ዘጠና አምስት

ክሊዮን ፔትዌይን የማያውቅ ሰው በእኛ ካውንቲ ካለ ትናንት የተወለደ ሕፃን ነው። እሱም ቢሆን ወንድ ከሆነና ደህና አድርጎ ከጠባ፣ ክሊዮን በሳምንቱ ብቅ ብሎ የትከሻውን ስፋት ያይለታል እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ከእውነት ብዙም አይርቅም። ክሊዮን ከከተማችን በስተደቡብ ባለችው ትንሽ ኮሌጅ የፉትቦል ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ምልመላ ነው። በዚህ በደቡብ አላባማ ጥድ መካከል ሞላላዋን ኳስ ይዞ የሚሮጥ፣ ወይም የሚሮጠውን አንቆ የሚጥል ልጅ አለ በተባለበት ቤት ሁሉ ነጭ ፒክአፑን አቁሞ በር ያንኳኳል።

ለዚህ ሥራ የራሱ ደንብ አለው። የቀረበለትን ሳይበላ አይነሳም፤ በአንድ ምሽት ሦስት ቤት ገብቶ ሦስቱም ቤት የተጠበሰ ካትፊሽ ዓሣ የበላበት ጊዜ አለ። አባወራው ከሞተ ዓመታት ቢያልፉም የአባወራው ወንበር ላይ አይቀመጥም። የተጫዋቾቹ አያቶች ሲሞቱ ከቀብር አይቀርም። በዚህ ሁሉ ድካም ያተረፈው የታመመ ጉልበትና የማይለቅ ቃር ብቻ ነው ትላለች ሚስቱ።

ቃሩን የሚያባብሰው ግን ምግብ አይደለም። አንድን ጎበዝ ልጅ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ የሚያገኘው ክሊዮን ነው። በክረምት ወስዶ እግሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ያስተምረዋል፣ ከሴት ጓደኛው ሲጣላ እንኳ ያስታርቀዋል። ልጁ አሥራ ሰባት ሞልቶት እንደ በር ሲሰፋ፣ የአንዱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ አርብ ማታ በሄሊኮፕተር መጥቶ ከሜዳው ጎን ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ሰው የለም፤ ከተማው በሙሉ ያብዳል። ክሊዮን አጥሩ ጋ ቆሞ የተቀቀለ ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ፣ "እንግዲህ የኔንም ልጅ በአየር ጫኑት" ይላል። ልጁ እዚያ ሄዶ ሁለት ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲደርቅ ኖሮ ኩርፊያውን ይዞ ይመለሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ሥራ እንዲፈልግለት የሚደወለው ለክሊዮን ነው።

ስለዚህ ጃርኬዝ ቶሊቨር "እዚሁ እቀራለሁ" ሲል፣ ክሊዮን መጀመሪያ የሰማውን አላመነም።

ጃርኬዝ ኳስ ወርዋሪውን የሚያሳድድ ተከላካይ ነው። እንደሱ ያለ ፈጣን ልጅ በእኛ አካባቢ ታይቶ አይታወቅም፤ ይህን የምለው የአገሬ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሄሊኮፕተሮቹም መስክረዋል። ብቻዋን ያሳደገችው እናቱ ኦዴሳ የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የልጇ አንድም ጨዋታ አምልጧት አያውቅም፤ ዓይኗ ስለሚደክም ግን ከካውንቲው ወጥታ መኪና አትነዳም። መልማዮቹ ሁሉ ሲያባብሉት ልጁ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር። "እናቴ የማታየኝ ሜዳ ላይ ምን እሠራለሁ?"

በየካቲት ልጆቹ ለመረጡት ኮሌጅ የሚፈርሙበት ቀን ሲደርስ እንደ ልማዳችን በትምህርት ቤቱ ጂም ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ የሦስት ኮሌጆች ኮፍያ ተደረደረ፤ ልጁ ያጠለቀው የመረጠው ነው። ጃርኬዝ ቀዩን የትልቁን ዩኒቨርሲቲ ኮፍያ አነሳ። ልጁ ኮፍያውን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ይሄ ጭንቅላቴን ይጠበኛል" ብሎ መልሶ አስቀመጠው፤ ሰማያዊውን የክሊዮንን ኮሌጅ ኮፍያ አጠለቀ። ጂሙ ተናጋ። ክሊዮን ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሚያዝያ በኮሌጁ የተጫዋቾችን ብቁነት የምትከታተለው ዳርሊን ደወለች።

"ክሊዮን፣ የት ነህ?"

"እየነዳሁ ነው።"

"እንግዲያው ዳር ይዘህ ቁም።"

ጉዳዩ ይህ ነበር። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ አንድ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ከመጫወቱ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ላይ የወሰዳቸውን ዋና ዋና ትምህርቶች ይቆጥራል። የጃርኬዝ ሲቆጠር ሦስት ጎደለ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪው፣ አልጀብራውና እንግሊዝኛው የተወሰዱት በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ነው። እዚያ አስተማሪ የለም፤ ተማሪው ስክሪኑ ላይ መልስ ይነካል፣ ከተሳሳተ እስኪያገኘው ደግሞ ይነካል። ለትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ ይበቃል። ማኅበሩ ግን ይህን ትምህርት አይለውም።

"ዘጠና አምስት ነው እኮ ያመጣው!" አለ ክሊዮን።

"መቶም ቢያመጣ አይቆጠርም።"

"በክረምት ይድገመዋ!"

"ከምረቃ በኋላ አንዱን ማሟላት ይችላል። ሦስት ግን አይቻልም። ስኮላርሺፕም የለ፣ ልምምድም የለ። በጣም አዝናለሁ ክሊዮን።"

ክሊዮን መኪናውን አዙሮ በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ደረጃው ሄደ። ዋናው አሠልጣኝ ባክ ሄይጉድ ክብደት ማንሻው ክፍል ውስጥ ነበር። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ ቡድን አብረው የተጫወቱ፣ ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ ሰላም የማይባባሉ ጓደኛሞች ናቸው።

"መጣህ አንተ ሽባ!" አለ ሄይጉድ። "ደግሞ የማንን ልጅ ልትሰርቅ ነው?"

"ባክ፣ ጃርኬዝን ከኬሚስትሪ ክፍል ማን ነው ያወጣው?"

"እኔ ነኛ። ምነው?"

"ለምን?"

"ለምን ትላለህ እንዴ? ያ ስዊንት የሚባል አስተማሪ ሰባ ሁለት ሰጠው እኮ! አማካይ ነጥቡን ገደል ሊከትብኝ ነበር። ኮምፒውተር ክፍል ወሰድኩት፣ ዘጠና አምስት አፈሰ። አልጀብራውንና እንግሊዝኛውንም እዚያው ጨረሰ። ጊዜውም ተረፈለትና ብረት አነሳ። ደረቱን አላየኸውም?"

"ሰባ ሁለቱ ይበቃው ነበር።"

"ምን አልክ?"

"ሰባ ሁለቱ ይበቃው ነበር አልኩህ! ከሌላው ጋር ተደምሮ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። የአንተ ዘጠና አምስት ግን ለማኅበሩ ዜሮ ነው።"

ሄይጉድ የያዘውን ብረት አስቀመጠ። ትልቁ ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

"እኔ ልጁን ላግዘው ብዬ ነው" አለ።

"አውቃለሁ። አንጀቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ብትሆን አንድ ቡጢ አቅምሼህ ይወጣልኝ ነበር።"

"ቆይ፣ ቆይ! ሁሉን እኔ ላይ አትደፍድፍ!" ሄይጉድም ገነፈለ። "አንተ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ስትመላለስ ምን ጠየቅኸኝ? ምን ያህል ይሮጣል፣ ምን ያህል ይመዝናል። ነጥቡስ አልከኝ፣ ዘጠና አምስት ስልህ እሰይ ብለህ ጀርባዬን መታኸኝ። የት ተቀምጦ፣ ማን አስተምሮት አልከኝ? አላልክም!"

ክሊዮን ወደ ፒክአፑ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስድብ አያጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለማውራትም ያሰለቻል። ክሊዮን ለማኅበሩ ደወለ። ስልኩ ሙዚቃ አሰማው። ደግሞ ደወለ፤ ያንኑ ሙዚቃ አሰማው። በመጨረሻ አንድ ጨዋ ድምፅ ያለው ወጣት አግኝቶ፣ ልጁ አንድም ቀን ከክፍል እንዳልቀረ፣ ጥፋቱ የትልልቅ ሰዎች እንደሆነ አስረዳው። ወጣቱ በትሕትና አዳመጠና በትሕትና አይሆንም አለው። አቤቱታ አስገባ፤ እሱም በትሕትና ተመለሰ። የኮሌጁ ዋና አሠልጣኝ ደግሞ፣ "ተወው ክሊዮን፣ ሌላ ልጅ ፈልግ" አለው። ሌላ ልጅ ፈልግ! የጠፋበት ጃንጥላ ይመስል።

ማኅበሩ እኮ ሕጉን ያወጣው ኮሌጆች ኳስ እንጂ ትምህርት የማያውቅ ልጅ አምጥተው፣ ጉልበቱን መጠው እንዳይጥሉት ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ሄይጉድም ደግ ነው። ክሊዮንም ደግ ነው። በዚህ ሁሉ ደግ ሰው መካከል የልጁ ዕድል ውሃ በላው። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሳስብ ማንን መሳደብ እንዳለብኝ ግራ ይገባኛል።

ክሊዮን ኦዴሳ ቤት የሄደው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ ጃርኬዝም ነበር። የአሳማ ጥብስና የበቆሎ ዳቦ አቀረበችለት። ክሊዮን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ቤት የቀረበለትን መብላት አቃተው። እሷም አየችውና ሹካዋን አስቀመጠች።

"በል ተናገረው" አለችው።

ነገራቸው። ሲጨርስ ኦዴሳ ሳህኗን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

"ሄይጉድ አጥሩ ጋ መጥቶ፣ 'ሚስ ኦዴሳ፣ ልጁን ቀለል ወዳለ ክፍል ላዛውረው፣ ለኮሌጁ ይጠቅመዋል' አለኝ" አለች። "እሺ አልኩ። እኔ ከአሠልጣኝ በላይ ምን አውቃለሁ? አንተስ ክሊዮን? ፓስተሩ የልጄን ዘጠና አምስት ለምእመኑ ሲናገር ከፊት ወንበር ተነስተህ አላጨበጨብክም?"

"አጨብጭቤያለሁ።"

"እኔም አጨብጭቤያለሁ" አለች። "ልጄ ሲቀበር ቆሜ አጨበጨብኩ።"

ጃርኬዝ ትልልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል።

"ኮች፣ እኔ ምንድነው ያጠፋሁት?" አለ።

"ምንም አላጠፋህም ልጄ።"

"ሚስተር ስዊንት ቆይ ብለውኝ ነበር። እኔም መቆየት ፈልጌ ነበር፣ ገና መግባት እየጀመረልኝ ነበር እኮ። ኮች ሄይጉድ ግን፣ 'አንተ ኳስህን ተጫወት፣ ትምህርቱን ለእኛ ተወው' አሉኝ።" ቀና ብሎ ክሊዮንን አየው። "ተውኩላችሁ።"

ክሊዮን ብዙ ሽንፈት አይቷል። እንደዚህች ቃል ግን ያዋረደው የለም።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ የሁለት ዓመት ኮሌጅ። እንዲህ ያለ ልጅ የሚቀበል፣ ጎበዝ ቡድን ያለው ካንሳስ ውስጥ አለ። እዚያ ሁለት ዓመት ተምሮ ዲፕሎማውን በወግ ከያዘ የፈለገበት ገብቶ መጫወት ይችላል።

"ካንሳስ ሩቅ ነው?" አለች ኦዴሳ።

"አንድ ቀን ሙሉ ያስነዳል።"

ኦዴሳ ተነስታ ማንም ያልነካውን ምግብ ከደነችው።

ክሊዮን ራሱ ለካንሳሱ ኮሌጅ ደወለ። ልጅ ለማስቀረት ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ ያገኘውን ምርጥ ልጅ በገዛ አፉ አሞግሶ ለሌላ አስረከበ። ሁለት ዓመት ሲሞላ ሄሊኮፕተሮቹ ካንሳስ ላይ እንደሚያርፉ ያውቃል። ስልኩን ዘግቶ ፒክአፑ ውስጥ ብቻውን ጮኸ፤ ሚስቱ በኩሽና መስኮት አይታው መጋረጃውን መለሰችው።

በነሐሴ ሦስቱም በዚያችው ፒክአፕ ሄዱ። ኦዴሳ ከፋብሪካው ፈቃድ ለምና መሃል ተቀመጠች፣ ልጁ ጉልበቱን አጥፎ መስኮቱን ተደገፈ። ሲደርሱ የኮሌጁ አሠልጣኝ፣ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ ፈገግተኛ ወጣት፣ እየሮጠ መጥቶ የጃርኬዝን ትከሻ በሁለት እጁ ያዘ።

"ኧረ ይሄ ግድግዳ ነው!" አለ። ቢሮው አስገባቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጣቸው። "እናቴ፣ እንግዲህ ልጅዎ ልጃችን ነው። ትምህርቱ አያሳስባችሁ። ቀላል ቀላሉን መርጠን አስመዝግበነዋል፤ አብዛኛው እንዲያውም በኮምፒውተር ነው። እሱ ኳሱን ይጫወት።"

ጃርኬዝ የያዘው የውሃ ጠርሙስ እጁ ውስጥ ተጨማደደ። ክሊዮን አፉን ሊከፍት ሲል ኦዴሳ ቀደመችው። ወንበር ጎትታ ከወጣቱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ማነው የመረጠለት?" አለች።

"እኛ ነን እናቴ፣ ሁሌም..."

"እኔ እስከ ዛሬ እሺ ስል ነው የኖርኩት" አለች። "ቁጭ በል። እያንዳንዱን ትምህርት አንድ በአንድ ንገረኝ። የሚያስተምረው ሰው ነው ወይስ ስክሪን? የማይቆጠረው የቱ ነው? ኬሚስትሪ የት አለ? ሳይገባኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።"

ወጣቱ ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ መሆኑን ሲያይ፣ አሠልጣኝ ለአሠልጣኝ ይደርሳል ብሎ ነው መሰል፣ ወደ ክሊዮን ዞረ።

ክሊዮን በሩን ዘጋና ሌላ ወንበር ስቦ ከኦዴሳ ጎን ተቀመጠ።

"ጠይቀውሃል እኮ" አለው። "መልስላቸው።"