ገብስ ስር የተቀበረው በረባሶ

አዲስ በረባሶ ሽታ አለው፤ ጎማውን ፀሐይ ሲመታው የሚያመጣው፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። የወለደች ልጄን ላርስ ከስማዳ ተነሥቼ ቬትናም ድረስ ሄጄ ሳለ፣ ሕፃኑ ጠንከር ሲል «እማ፣ ቤት ውስጥ ሰለቸሽ፤ ነይ የአገሩን ሙዚየም ላሳይሽ» ብላ ይዛኝ ወጣች። እዚያም ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ አየሁ፣ ቁርጥ የእኛ በረባሶ። ወዲያው ያ ሽታ መጣብኝ። ከመስታወቱ ይምጣ ከራሴ እንጃ።

ልጅ ሳለሁ ጀግና የሚለውን ቃል የማውቀው ከልቅሶ ብቻ ነበር። እናቴ ልቅሶ ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበርና፣ አልቃሽዋ የሟቹን ልብስና ጠመንጃ ከፍ አድርጋ «ጀግናው! ጀግናው!» ስትል፣ ሴቱም ደረቱን ሲደቃ እያየሁ፣ ጀግና ማለት ልብሱ ብቻ የቀረ ሰው ነው ብዬ ይዤ ነበር። ማንንም አልጠየቅሁ፣ ማንም አላቃናኝም።

አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እርሻው በታላቅ ወንድሜ በአያሌው ትከሻ ነበር። ክረምት ጭቃ ለብሶ ሲገባ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ነበርና ውሃው ሲነካው «ቀስ በይ እንጂ፣ ድንጋይ መሰለሽ?» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ገብሱ ታጭዶ የገና በዓል ሲደርስ፣ ጨዋታው ሜዳ ላይ አያሌው ጥንጓን ከሁሉ አሳልፎ መታትና ሽማግሌው ሁሉ «ጀግና! ጀግና!» ብሎ ጮኸ። እኔ ራሴን ይዤ «ወንድሜ አልሞተም!» እያልኩ ሜዳው መሐል ገባሁ። ሰው በሣቅ ሞተ። «ይቺን አልቃሽ ማን ቀጠራት?» አለ አንዱ። እናቴ ብቻ አልሣቀችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወንድሜን ታየው ነበር።

ከዚያ ወዲያ የራሱ ስም ተረሳ፤ በመንገዱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም «ጀግናው» ሆነ። በዚያው ሰሞን ሰሜን ጦርነት አለ እየተባለ ጎረምሳው ሁሉ በየጥጉ ይንሾካሾክ ጀመር። የካቲት ላይ አያሌው ከወገዳ ገበያ አዲስ በረባሶ ገዝቶ ገባ፣ ቤቱም በጎማ ሽታ ታፈነ። ሲያርስ ጫማ አድርጎ አያውቅም። ከብት ሊያጠጣ ሲወጣ እናቴ ጫማውን ጎታው ውስጥ፣ ገብሱ ስር ቀበረችው።

«እማ፣ በረባሶዬን አይጥ በላው እንዴ?»

«እግርህ ወዴት ሊሄድ ነው?»

«ወገዳ ደርሼ ልምጣ ብዬ ነዋ።»

«ወገዳማ በባዶ እግርህ ስትመላለስ ኖረህ የለም ወይ?»

ሣቀና ጉንጬን ቆንጥጦኝ ወጣ። በማግስቱ ስንነሣ መደቡ ባዶ ነበር፤ በባዶ እግሩ ሄዷል።

ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱም ገባ። ዶፉ ሲወርድ እናቴ «አሁን ይሄን ጭቃ በምን ይረግጠዋል?» ትል ነበር። ገብሱ ሽታውን ጠጥቶ ኖሮ ቂጣው ሁሉ ጎማ ጎማ እያለን እንበላው ነበር። ነሐሴ ላይ ገብሱ ሲያልቅ በረባሶው ከጎታው ወጣ፤ እናቴም አራግፋ፣ እንደሚገባ ሰው እግር ጫፉን ወደ ቤት አዙራ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

ብዙም ሳይቆይ ከወረዳው አንድ ሰውዬ መጣ። ዝናቡን ከካፖርቱ አራግፎ መደቡ ላይ ተቀመጠና፣ መሬት መሬት እያየ «እናቴ፣ ልጅዎ ጀግና ነበር» አላት።

እናቴ «ነበር?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ግን ሌላ ቃል አልጠበቅሁም፤ ቀድሜያት ጮኽሁ። ያን ቀን ማንም አልሣቀብኝም። ልቅሶው ላይ አልቃሽዋ ከፍ አድርጋ የያዘችው በረባሶውን ነበር።

ሙዚየሙ ውስጥ አስጎብኚዋ፣ ትሑት ልጅ ናት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን በጦርነት የሞቱ ወጣቶች ፎቶዎች እያሳየች አንድ ቃል ትደጋግም ነበር። ልጄ ልትተረጉምልኝ ስትል «ተይው፣ ገብቶኛል» አልኳት። ኋላ አስጎብኚዋ እቅፌ ላይ ወዳለው ሕፃን ጎንበስ ብላ ያንኑ ቃል አለችው። ልጄ ደስ ብሏት «ትንሹ ጀግና አለችው እኮ እማ!» አለችኝ። ነጠላዬን ፊቱ ላይ ጣል አደረግሁበት።

ዛሬም አገር ቤት ስደውል የጎረቤቱን ልጅ በዚያው ቃል ሲጠሩት እሰማለሁ፣ ስልኩንም ቶሎ እዘጋለሁ። እናቴ መደበቂያ ጎታ ነበራት፤ ልጄ ቤት ጎታም የለ፣ ጫማውም በየደጁ ይሸጣል። የዚህ ልጅ እግር ግን ገና መሬት አልረገጠም። የዚያን ቀን ቤት እንደገባን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩለትና፣ ስንጥቅ የማያውቀውን ተረከዙን በመዳፌ ይዤ ብዙ ቆየሁ።