ለተጋጣሚ አንድ መልስ

ቼዝ የተማርኩት አሰላ ውስጥ፣ በአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ሳለ ነው። ያስተማረኝ አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ ነበር። አገሩ ሳለ ኮምፒዩተር ቼዝ እንዲጫወት ሊያስተምር ሞክሯል። አሰላ ኮምፒዩተር ከየት ይምጣ! ማሽኑ እኔው ሆንኩ። ክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እሱ እንደ ልቡ ይጫወታል፤ እኔ እሱ ባወጣው ደንብ ብቻ።

ደንቡ ቀላል ነው። የራስህን እርምጃ ሁሉ አንድ በአንድ መርምር፤ ለተጋጣሚህ ግን አንድ መልስ ብቻ ገምትለት። ማሽን የሁለቱንም ወገን ሁሉንም ልይ ካለ ይመሽበታል፣ ስለዚህ ከአንዱ ወገን ይቆጥባል አለኝ። እውነትም ማሽኑ ሲያጠቃ ያምርበት ነበር። ችግሩ፣ ይበላዋል ብዬ ያቀረብኩለትን ፈረስ ፈረንጁ ሳይነካ ይተወውና አንዲት ወታደር ዝም ብሎ ያስጠጋል። ያኔ ያ ሁሉ ስሌት ገደል ይገባል። እሱ ይስቃል፣ እኔ እናደዳለሁ። እኔ እንደሆነ ለንዴት ማንም አይቀድመኝም።

በዚያው ዓመት አባቴ ከመሬቱ ሊነሳ ነው የሚል ወሬ መጣ። አባቴ በበቆጂ መንገድ ጭሰኛ ነበር። ትራክተር ወደ እኛ በኩል መውጣት ከጀመረ ወዲህ ጭሰኛው እንደ አረም ይነቀል ጀምሯል። የኛ ባለመሬት ግን አበልጃችን ናቸው፤ ታናሽ ወንድሜን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። አበልጅነት ደግሞ ከሥጋ ዝምድና ይልቅ የጠበቀ ነው። ብቻ ሰውየው አፋቸው መራራ ነው፤ ለምንም ነገር የመጀመሪያ ቃላቸው እምቢ ነው።

አባቴ ገበያ ሲወጣ እኔ ዘንድ እያረፈ ይመክር ነበር። እምቢ ካሉት የንስሐ አባታቸውን ይልካል። እሳቸውንም እምቢ ካሉ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው ይወድቃል። በዚያም ካልሆነ ፍርድ ቤት ይከሳል፤ ለዚህም ምስክር አዘጋጅቷል፣ ጠበቃ አነጋግሯል። መንገዱን ሁሉ አጣርቶ ሲጨርስ ፊቱ ይፈካ ነበር፤ እኔም ኮራሁበት።

ሽማግሌ የተላከ ዕለት አብሬ ሄድኩ። አባቴ ነጠላውን አደግድጎ ቆመና ከመሬቱ እንዳይነቅሉት ለመነ። 

«እሺ» አሉ ሰውየው። «እኔ አንተን አላስነሳም። ልጅህ ልጄ ነው።»

በቃ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ጠላ ቀረበ፣ አባቴ ጉልበታቸውን ስሞ አለቀሰ። ለእሺ ያሰበው ነገር አልነበረም። ጠበቃውም ቀረ፣ ክሱም ቀረ። በአበልጅ ቃል ላይ ዋስ መጥራት ነውር ነው፤ ውል ይጻፍልኝ ቢል ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይቆጡት ነበር። ቤቱ ገብቶ ስንዴውን ዘራ።

ስንዴው ብቅ ሲል ትራክተሩ መጣ። ባለመሬቱ ለካ በዚያው ሰሞን መሬቱን ለአንድ የከተማ ነጋዴ በኮንትራት አከራይተውታል። ነጋዴው አበልጃችን አይደለ፣ ምን ይዞት! ቡቃያውን ከነአፈሩ ገለበጠው። ወደ ባለመሬቱ ስንሮጥ፣ እኔ ቃሌን አላጠፍኩም፣ ያስነሳችሁ እሱ ነው አሉን። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ይባል የለ? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ፍርድ ቤት ብንሄድም ነጋዴው ውል አለው፣ አባቴ ያለው የአፍ ቃል ነው።

ለፈረንጁ ነገርኩት። አልሳቀም። ቆይቶ ግን ደንቡን እናሻሽል፣ ለተጋጣሚ ሦስት አራት መልስ እንገምትለት ቢለኝ፣ አባቴ ላይ ካለቀ በኋላ ነው ወይ ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲያ አልተጫወትንም።

አባቴ አሰላ እኔ ክፍል ገባ። ገበሬ ሰው ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ያያል፣ ዝናብ ሲመጣ ያለቦታው ይደነግጣል። አንድ ቀን ሳልጠይቀው ተናገረ።

«እምቢ ቢሉኝ እኮ አልሸነፍም ነበር» አለኝ። «እሺ አሉኝ እንጂ።»

ክረምቱ ሳይወጣ አባቴን ቀበርነው። አበልጃችን ከሁሉ ቀድመው መጡ፤ ቃሬዛውን ከፊት ያዙ፣ ያለቀሱትም የምር ነበር። የአበልጅ ወግ ነውና ማንም አልከለከላቸው።