ጠበል የሞላው ሳልባትዮ

ዓለም ከተማ ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አሠሪዬ ጋሽ ተሰማ «ነዳጅ ባለበት እሳት አይቀርብም» ብለው መከሩኝ። ይህን ሲሉ ሲጋራቸውን በጋለ ብረት እየለኮሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ በያጅ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት አጠገቤ እንዳያጨሱ ብለምናቸውም ሰምተውኝ አያውቁም።

አንድ ቀን ከጠበል የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ አውቶቡስ ናፍጣ እያንጠባጠበ መጣ። ሳልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ጋኑ፣ ከጎኑ ተሰንጥቋል። ናፍጣውን በበርሜል ቀድተን ሳልባትዮውን አወረድነው። ሾፌሩ ቶሎ በይደው አለኝ። ታጥቦ ውሃ ካልሞላ አልነካውም አልኩት። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፣ ደግሞም ባዶ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ጋሽ ተሰማም ጢሳቸውን እያቦነኑ የእሱን ወገን ያዙ። ውስጡ የቀረው ናፍጣ ብረቱ ሲግል ተንኖ እንደሚፈነዳ ነገርኳቸው። ችግሩ፣ የቦኖው ፓምፕ ተበላሽቶ በከተማው ውሃ አልነበረም።

ውሃ ያለው አውቶቡሱ ውስጥ ነበር። በየመቀመጫው ሥር ቢጫ ጀሪካን፣ በየጀሪካኑም ጠበል።

ሾፌሩ ጠበሉን ስጡን ብሎ ሲጠይቅ ሁከት ሆነ። ጠበል እንዴት ናፍጣ ዕቃ ውስጥ ይገባል ተባለ። እትዬ ወርቄ የሚባሉ የመንዝ ባልቴት ለታመመች ልጃቸው የያዙትን ጀሪካን እንዳቀፉ ወደ እኔ መጡ።

«ውሃ ካልሞላ ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ሊፈነዳ ይችላል፣ እማማ።»

«አንተስ?»

«እኔማ አጠገቡ ነኝ።»

«አንተም የሰው ልጅ ነህ» አሉና ጀሪካናቸውን እግሬ ሥር አስቀመጡት። ሌላውም እያጉረመረመ ተከተላቸው።

አብረው የተጓዙት ቄስ ፈቀዱ፤ ግን ሕግ አወጡ። ጠበሉ ከመግባቱ በፊት ሳልባትዮው ናፍጣ ናፍጣ እንዳይሸት በሳሙና ይታጠብ አሉ። ተሳፋሪው የሚጠጣውን ውሃ አዋጥቶ አጠበው፤ ቄሱ እያሸተቱ ደጋግመው መለሱት። እንደዚያ የጠራ ሳልባትዮ በሕይወቴ አላየሁም። ቀጥለው ጠበል ባለበት አይጨስም ብለው ጋሽ ተሰማን ከግቢው አስወጧቸው። እኔን ሰምተው የማያውቁት አሠሪዬ ሲጋራቸውን ይዘው ወጡ።

ስንጥቁና አፉ ወደ ላይ እንዲሆኑ ሳልባትዮውን አጋድሜ፣ ጠበሉን ከስንጥቁ ትንሽ ዝቅ እስኪል ሞላሁት። እንፋሎት እንዲወጣበት ክዳኑን ከፍቼ ተውኩት። መበየጃውን ሳነሳ ቄሱ ጫማዬን አዩ።

«አውልቅ እንጂ። ሙሴ እንኳ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት አውልቋል።»

«ሙሴ የብየዳ ማሽን አልያዘም፣ አባ። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ይገድለኛል።»

አሰቡበት። «እሱስ እውነት ነው» ብለው ተውኝ። ደረቅ ሳንቃ ላይ ቆሜ በየድኩት።

ምንም አልፈነዳም። ጠበሉ ግን ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም ተባለ። ጎልማሶቹ ሳልባትዮውን እንደ ቃሬዛ ተሸክመው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ወስደው አፈሰሱት። ቄሱም ከጋቢያቸው ሥር ያልተነካ ጀሪካን አውጥተው ለእትዬ ወርቄ አካፈሏቸው።

ለወጣት በያጆች የምለው ይህን ነው፦ ባዶ የነዳጅ ጋን ባዶ አይደለም። ታጥቦ፣ ውሃ ሞልቶ፣ የሚያጨስ ሰው ርቆ ካልሆነ እሳት አታስጠጉት። ውሃ ከሌለ ሥራው ይቆይ።