ያልተንተባተብኩበት ደብዳቤ

ልጄ ኮምፒውተሯን ስትከፍት የሚሰማው ድምፅ የሰው አይመስልም። ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይነት ነው። ቃሉን ይሰባብራል፣ ማላላት ያለበትን ያጠብቃል፣ አንዳንዴም ፊደል በፊደል ይቆጥራል። እሷ ግን ዓይኗ ሳያይ፣ ጣቷን እያሯሯጠች የተጻፈውን ሁሉ ታስነብበዋለች። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የእርጥብ የሱፍ ባና ሽታ ይመጣብኛል። ወንድሜን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ እናደዳለሁ።

የወንድሜን ዓይን በልጅነቱ ኩፍኝ ነው የወሰደው። እኔ ታናሽ እኅቱ ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ያቆምኩ። ከራቤል ከተማ ወዲያ ነበር ቤታችን። ጉም ሲወርድ ሰው ከደጅ አይወጣም፤ እሱ ግን ባናውን ተከናንቦ፣ የዱላውን ጫፍ ያስይዘኝና ወደ መሪጌታው እወስደዋለሁ። ዜማ አንዴ ከሰማ አይረሳም። ልቡ ግን ወረቀት ላይ ነበር። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ካገኘ፣ "ነይ እስቲ አንብቢልኝ" ይለኛል። ማንበብ ካሉት አነባለሁ፤ በድንጋያማ መንገድ እንደሚሄድ ሰው እየተደነቃቀፍኩ።

"ዘለልሽ" ይላል፣ ሳያይ። "አንድ ፊደል ዋጥሽብኝ፣ መልሺው።"

እንዴት እንደሚያውቅ አይገባኝም ነበር። ሲስቅብኝ ደግሞ፣ "አንቺ የኔ ኩራዝ፣ ዛሬስ ጭስሽ በዛ" ይለኛል።

ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን የቀበሌው ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ለእናቴ አመጣላት። አንድ አስተማሪ ወንድሜን ዓይነ ሥውራን የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስመዝግቦት ነበር፤ መልሱ ነው። እስቲ ፍረዱኝ። ለዓይነ ሥውር ሰው በቀለም ጽፈው ላኩለት። በማን ዓይን እንዲያነበው ነው? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የወንድሜ ዕድል አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ገባ።

እናቴ ጓሮ ወስዳ አስነበበችኝ። ተቀብለንሃል፣ ቶሎ ና ይላል። ፊቷ አመድ መሰለ። ከተማ መኪና ይገጭብኛል፣ የሚመራውም የለ፣ እያለች ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ።

"አልተቀበልንህም ይላል በይው። ሰምተሻል፣ አንቺ ልጅ?"

እሱ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ይጠብቀኛል። የማጭዱ ድምፅ ከማሳው ይሰማል። ወረቀቱን ዘረጋሁና፣ ለዘንድሮ ቦታ ስለሌለን መቀበል አልቻልንም፣ ብዬ አነበብኩለት። ወረቀቱን ተቀብሎኝ በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገው፤ ከዚያ አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ መንደር ሳይወጣ ኖረ። እኔ መርሐቤቴ ተዳርኩ። ሊሞት አካባቢ ልጠይቀው ሄጄ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ።

"እታለም፣" አለኝ፣ "ያን ቀን አልተንተባተብሽም።"

በዕድሜዬ ሳልደናቀፍ ያነበብኩት ያንን ብቻ ነበር፤ እያነበብኩ አልነበረማ። ያን ዕለት እዚያው አውቆ፣ እኔን ከእናታችን ጋር ላለማጣላት ይሆናል ዕድሜውን ሙሉ ዝም አለ። በእናቴ ተናደድኩ፣ በጸሐፊዎቹ ተናደድኩ። በራሴ የተናደድኩት ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ልጄ በስድስት ዓመቷ ዓይኗ ሲጠፋ ሰዉ ከዘራቸው ነው አለ። እኔ የዚያ ደብዳቤ ቅጣት ነው ብዬ ፈራሁ፤ አሁንም እፈራለሁ። የሚያነብ ኮምፒውተር አለ ሲሉ ሰምቼ አንድ ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ፣ "እናት፣ እሱ የሀብታም ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው" ብለው መለሱኝ። ሁለት ዓመት እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። በኋላ ዓይነ ሥውር የሆነ አስተማሪ እዚሁ ዓለም ከተማ፣ ሰው በጣለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሚያነበውን ነገር ጫነላት። በነጻ። በነጻ የሚገኝ ነገር ነው የከለከሉን።

ባለፈው ሳምንት ኢሜይል መጣላት። ከፍታው ገና ሳታስነብበው እኔ በጎን አየሁት። አዲስ አበባ ለሥልጠና ተቀብለዋታል። መኪናው በሐሳቤ መጣብኝ፣ አስፋልቱ፣ የማያውቃት ሰው ሁሉ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ሶኬቱ ከተነቀለ ይጠፋል። እጄ ወደ ሶኬቱ ሄደ።

"እማዬ፣ ምን እያረግሽ ነው?"

"ሽቦው እንዳይጠልፍሽ ነው፣ ልጄ።"

ቃሉ ቀጥ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ ወጣልኝ። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። እጄን ሰብስቤ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ኮምፒውተሩ ማንበብ ጀመረ። "ተቀ ብለን ሻል" አለ፣ እየሰባበረ። ልጄ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ሰማሽ፣ እማዬ?"

"ይድገመው" አልኳት።

እየተንተባተበ ደገመው። አንድም ፊደል አልዋጠም።