አንድ ትከሻው የሰፋ ኮት

ቁም ሣጥኔን በከፈትኩ ቁጥር ያ ኮት ያየኛል። ቀኝ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ግራው ጠበብ ያለ። ነገሩን የማያውቅ ሰው "የሰፋችው ሴትዮ ምን ነክቷት ነው?" ይላል። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ኮቱ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዛሬ ሆዱ አላስገባው ብሎ እኔ ዘንድ ቀረ።

ወንድሜ ቀን ቀን እንጨት ቤት ወንበር ሲልግ ይውላል፤ ማለዳ ማለዳ ግን ሐይቁ ላይ ነበር። የሚቀዝፋት ታንኳ ቀጭን ናት፤ ቢያስነጥሱባት ትገለበጣለች። እንደ ዓሣ አጥማጅ ተቀምጠው አይቀዝፏትም። አንድ ጉልበት ይንበረከካል፣ ሌላው እግር ወደ ፊት ይቆማል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ በአንድ ጎን ብቻ መቅዘፍ ነው። የእሱ ጎን ቀኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ከታንኳዋ ይልቅ ውሃው ውስጥ ነው የከረመው። እርጥብ ልብሱን ሳሰጣ ጎረቤታችን ባለሱቁ ያየናል።

"ተንበርካኪው! ዛሬ ደግሞ ማንን ስትለምን ዋልክ?"

"ውሃዋን።"

"እሺ አለችህ?"

"እያሰበችበት ነው።"

አስባ አስባ እሺ አለችው። ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱም ደገመው። ባለሱቁ ሜዳሊያውን ነክሶ አየና "ወርቅስ አይደለም፤ ግን ጥርስ ይሰብራል" አለ።

ለሽልማቱ ግብዣ ኮት ልስፋለት ብዬ ስለካው ቀኝና ግራው አልገናኝ አለኝ። ሜትሬ ተስቦ ይሆናል ብዬ ሌላ ሜትር አመጣሁ።

"እትዬ፣ ሜትሩን አትቆጪው" አለኝ። "የተጣመምኩት እኔ ነኝ።"

እኔም እንደ ገላው ቆረጥኩለት።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ለዓለም ውድድር የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እነዚህ ቀዛፊዎች መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ታንኳቸውን በወገባቸው ወደ ፊት ይገፏታል፤ አፍንጫዋ መስመሩን ቀድማ እንድትነካ ነው። ደንቡ ግን ሰው ከነታንኳው ይግባ ይላል። ወንድሜ እየመራ መጣና ቸኮለ። መስመሩ ጋ ሳይደርስ ሲገፋት ከሥሩ ሾልካ ብቻዋን ገባች፤ እሱ ከኋላዋ ውሃ ውስጥ ቀረ። ሰረዙት። ሌላ ሰው ተላከ።

ሰፈሩም አልማረው። "ታንኳዋ አሸነፈች፤ እሱ ሊሸኛት ነበር የሄደው" አሉ።

መቅዘፊያውን ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሸጎጠና ኮቱን ይዞልኝ መጣ።

"ግራው ላይ ስፖንጅ አስገቢበት። እኩል ይሁን።"

"ለምን ሲባል?"

"ትከሻዬን ያየ ሁሉ ያን ቀን እያስታወሰ ይስቃል። እንደ ሰው ልምሰል።"

ገበሩን ፈትቼ ሞላሁለት። ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ።

"አማረብኝ?"

"የተዋስከው መሰለ" አልኩት። አውልቆ ሰቀለው።

ክረምቱ ሲወጣ አሰልጣኙ የስፌት ሱቄ ድረስ መጣ። በሐይቁ ዳር ቀዛፊዎቹን በብስክሌት እየተከተለ ሲጮህ ድምፁ ያለቀ ሰው ነው።

"እህቴ፣ የወንድምዎ ጉልበት እየሄደ ነው። ወደ ዓለም ውድድር ከሄደ ዘንድሮ ነው፤ ካልሄደም ቀረ።"

"እና እኔ ልቅዘፍለት?"

"እርስዎማ ጉልበቱ ሥር የሚያደርጋትን ትራስ ይስፉልኝ። አሮጌዋ አልቃለች። የቀረውን ለእሱ ይተዉት።"

ቤት ውስጥ ቁራጭ ስፖንጅ አጣሁ። ኮቱን አወረድኩና ትከሻውን ስተረትር ወንድሜ ገባ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ለትራስህ ስፖንጅ አጥቼ።"

"ኮቴስ?"

"ኮትህማ ባለቤቱን ይመስላል።"

ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዶ መቅዘፊያውን ጎትቶ አወጣ፤ አቧራውን በቀሚሴ ጠረገው። አልተቆጣሁትም።

በማጣሪያው ውድድር ቀን ከባለሱቁ ጋር ሐይቁ ዳር ቆምኩ። ወንድሜና አንድ ለግላጋ ጎረምሳ ትከሻ ለትከሻ መጡ። ካልገፋት ይቀደማል፤ ቸኩሎ ከገፋትም ያው የዓምናው ነው። መስመሩ ሲቀርብ ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃው ቧ! ሲል ሰማሁ። ስገልጥ ታንኳዋ ብቻዋን ትንሳፈፋለች።

"ኧረ ደገመው!" አለ ባለሱቁ።

ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አሰልጣኙ ብስክሌቱን ጥሎ በዚያች ባለቀች ድምፁ እየጮኸ ሲሮጥ አየሁት።

"ከገባ በኋላ ነው የወደቀው! ከነታንኳው ነው የገባው!"

ዳኞቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ። ወንድሜ ታንኳዋን አቅፎ ውሃው ውስጥ ይጠብቃል። በመጨረሻ በድምፅ ማጉያው የተጠራው የእሱ ቁጥር ነበር። ባለሱቁ እኔን ረስቶ አሰልጣኙን ሳመው።

እውነቱን ለመናገር ዓለም ውድድሩ ላይ ሄዶ አልቀናውም፤ ከኋለኞቹ ጋር ነው የገባው። ጉልበቱም ከዚያ ወዲህ ደረጃ ለመውጣት እንኳ እያስቸገረው ነው። እኔ የማልረሳው ግን ሲሄድ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ያንን ኮት ለብሶ መጣ፤ ቀኙ እንደ ተራራ፣ ግራው እንደ ቁልቁለት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣

"ወንድም፣ ትከሻህን አስተካክል እንጂ" አለው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞር ብሎ ሳቀ።

"ተስተካክሎ ነው፤ አንሳኝ።"